የታወቁ የቼዝ እርምጃዎችን በኮምፒዩተር እንዴት እንመርምር?



በቼዝ መጻሕፍት ውስጥ አንዳንድ እርምጃዎች ከጎናቸው ሁለት ቃለ አጋኖ ተደርጎባቸው ይገኛሉ። ትርጉሙም «ይህ ድንቅ እርምጃ ነው» ማለት ነው። ሁለት የጥያቄ ምልክት ያለበት ደግሞ «ይህ ከባድ ስሕተት ነው» ማለት ነው። ምልክቱን የሚያደርገው መጽሐፉን የጻፈው ሰው ነው። ሰውየው ጨዋታው በማን አሸናፊነት እንዳለቀ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ያሸነፈውን ማድነቅ፣ የተሸነፈውን መውቀስ ይቀናዋል። አንባቢውም ምልክቱን አይቶ «እውነትም ድንቅ ነው!» ብሎ ያልፋል። ለምን ድንቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ይህን የምንፈትሽበት መሣሪያ በእጃችን ይገኛል። እርሱም የቼዝ ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ አራት የታወቁ እርምጃዎችን ሲመረምር ምን እንደ ተገኘ፣ እኛስ እንዴት ብንጠቀምበት እንደሚበጅ እንመለከታለን። በመጨረሻም ጉዳዩ ነገ በክፍል ውስጥ ከሚጠብቀን ሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት እናነሣለን።

አስቀድመን በስሞቹ እንስማማ። አገራችን ሰንጠረዥ የሚባል የራሷ የቆየ ጨዋታ አላት፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ዓለም አቀፉ ቼዝ ነው። በሰያፍ የሚሄደውን ጳጳስ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ግንብ፣ ከፊት የሚሰለፈውን ትንሹን ወታደር እንለዋለን። ንጉሥ፣ ንግሥትና ፈረስ የታወቁ ናቸው። ስምንቱ አምዶች በነጭ በኩል ሲታዩ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ደግሞ ከነጭ በኩል ተነሥተው ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። እንግዲህ ኢ4 ስንል በኢ አምድ፣ በ4ኛው ረድፍ ላይ ያለው ቤት ማለታችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ማሽኑ እንዴት ያስባል?

«ያስባል» ስንል እንደ ሰው ማለታችን አይደለም፤ ያሰላል ማለታችን ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባወጣው ጽሑፍ ኮምፒዩተር ቼዝ የሚጫወትበትን ዘዴ አስቀመጠ። ዘዴው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ማሽኑ ሊደረጉ የሚችሉ እርምጃዎችን፣ ለእነርሱ የሚሰጡ መልሶችን፣ ለመልሶቹም ሌላ መልስ እያለ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረዝራል። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ በቦርዱ ላይ ያለውን ሁኔታ በቁጥር ይመዝናል።

ችግሩ የቅርንጫፉ ብዛት ነው። ጨዋታው ሲጀመር ነጭ 20 ዓይነት እርምጃ ማድረግ ይችላል፤ ጥቁርም እንደዚሁ 20። ስለዚህ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጫወቱ 400 ዓይነት መንገድ ይኖራል። በጨዋታው መካከል በየተራው 30 ምርጫ አለ ብንል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ 30 በ30፣ እንደገና በ30፣ እንደገና በ30 ይባዛል፤ ውጤቱ 810,000 ነው። ኧረ ገና ሁለት እርምጃ እኮ ነው! ስለሆነም ጥሩ ፕሮግራም ሁሉንም አይቆጥርም። አንድ እርምጃ በአንድ መልስ መክሸፉን ካየ፣ ሌሎቹ መልሶች ደግሞ ምን ያህል እንደሚያከሽፉት ለማወቅ ጊዜ አያጠፋም። ትቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒዩተር በ1997 በኒውዮርክ የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ 3½ ለ2½ ሲያሸንፍ፣ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል ሁኔታዎችን ይመረምር ነበር። ያ ማሽን እንደ ቁም ሣጥን የሚያህል ነበር። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በእጅ ስልክ ላይ እየሠራም ከየትኛውም የሰው ተጫዋች ይበልጣል።

ማሽኑ መልሱን የሚሰጠው በቁጥር ነው። መለኪያው ወታደር ነው። በተለመደው አቆጣጠር ፈረስና ጳጳስ 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ወታደር ያህል ይመዝናሉ። ማሽኑ +1 ካለ ነጭ በአንድ ወታደር ያህል ይሻላል፤ -3 ካለ ጥቁር በአንድ ፈረስ ያህል ይሻላል፤ 0 ካለ እኩል ናቸው ማለት ነው። ከቁጥሩ ጎን «ጥልቀት» የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ማሽኑ ስንት ተራ ወደፊት እንዳየ ይነግረናል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያያል። ሁለተኛውን ሳያዩ የመጀመሪያውን ማመን ግን የሒሳብ ፈተናን የመጨረሻ መስመር ብቻ አይቶ እንደ ማረም ይቆጠራል።

ለ. አራት የታወቁ እርምጃዎች

1ኛ. ማሽኑ ያጸደቀው

በ1956 በኒውዮርክ ቦቢ ፊሸር የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ከዶናልድ በርን ጋር ተጫወተ። ፊሸር ጥቁር ነበር። በ17ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱ በጠላት ጳጳስ ተመትታ ሳለች እርሷን ከማሸሽ ይልቅ የራሱን ጳጳስ ወደ ኢ6 መለሰ። ማለትም «ንግሥቴን ውሰድ» አለው። በርንም ወሰደ። ከዚያ በኋላ የፊሸር ፈረስና ጳጳስ እየተፈራረቁ ንጉሡን በቼክ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ግርግሩ ሲያበቃ ፊሸር ስለ አንዲት ንግሥት አንድ ግንብ፣ ሁለት ጳጳስና አንድ ወታደር አግኝቶ ነበር። በ41ኛው እርምጃ ማት አደረገ። ጨዋታውም «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» የሚል ስም ወጣለት።

ይህን ሁኔታ ለዛሬ ፕሮግራም ብንሰጠው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ እርምጃ በአንደኝነት ያወጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለቱ ቃለ አጋኖዎች ይገባሉ። የልጁ ድፍረት በስሌት የተደገፈ ነበር።

2ኛ. ማሽኑ ጥያቄ ያነሣበት

በ1999 በሆላንድ ቪክ አን ዜ በተባለች ከተማ ካስፓሮቭ ከቡልጋሪያዊው ቬሴሊን ቶፓሎቭ ጋር የተጫወተው ጨዋታ በዓለም ላይ እጅግ ከሚደነቁት አንዱ ነው። ካስፓሮቭ በነጭ ተጫውቶ፣ በ24ኛው እርምጃ ዲ4 ላይ የነበረውን ወታደር በግንቡ በላና ግንቡን ለመሥዋዕት አቀረበ። ቶፓሎቭ ግንቡን ወሰደ። ከዚያ ወዲያ የጥቁር ንጉሥ ከቤቱ ተጎትቶ ወጥቶ በቦርዱ መሐል እየተሳደደ እስከ ነጭ የመጀመሪያ ረድፍ ድረስ ደረሰ። በ44ኛው እርምጃ ቶፓሎቭ እጁን ሰጠ።

ምርመራው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ቶፓሎቭ ግንቡን ባይወስድና ንጉሡን ወደ ቢ6 ቢያንቀሳቅስ ኖሮ ጨዋታውን ሊይዝ ይችል ነበር። ከዚህም በላይ በ28ኛው እርምጃ ላይ ካስፓሮቭ ራሱ ከተጫወተው የሚበልጥ ሌላ እርምጃ እንደ ነበረ ታውቋል፤ እርሱም ግንቡን ወደ ኤ7 መውሰድ ነበር።

ታዲያ 24ኛው እርምጃ ድንቅ አይደለም ልንል ነው? በቁጥር ብቻ ከሄድን መሥዋዕቱ በራሱ አያሸንፍም። ዳሩ ግን ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ሰዓቱ እየሄደ፣ ግንብ ቀርቦለት፣ «ልውሰድ ወይስ ልተው?» የሚለውን መመለስ ነበረበት። ወሰደ፤ ጠፋ። ካስፓሮቭ ለተጋጣሚው ያቀረበው ጥያቄ እጅግ ከባድ ነበር። ማሽኑ የመልሱን ትክክለኛነት ይለካል እንጂ የጥያቄውን ክብደት አይለካም።

3ኛ. ማሽኑ ያቀለለው ስሕተት

በ1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ፊሸርና የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተገናኙ። በመጀመሪያው ጨዋታ በ29ኛው እርምጃ ላይ ፊሸር ኤች2 ላይ ያለውን ወታደር በጳጳሱ በላ። ስፓስኪ የጂ ወታደሩን አንድ ቤት ሲገፋ መውጫው ተዘጋ፤ ጳጳሱ ወጥመድ ውስጥ ገባ። ፊሸር ስለ ጳጳሱ ሁለት ወታደር ብቻ አግኝቶ ጨዋታውን ተሸነፈ። «ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስሕተት» እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል።

ሆኖም ሁኔታው በጥሞና ሲመረመር፣ ጳጳሱ ከጠፋ በኋላም ጥቁር እኩል የሚወጣበት መንገድ ነበረው። ጨዋታውን ፈጽሞ ያበላሸው በ40ኛው እርምጃ አካባቢ የተደረገ ሌላ ስሕተት ነው። እርምጃው ጥሩ ነበር አንልም፤ ግን ስሙ ከጥፋቱ ይልቅ ከፍቶ ነበር። ደግሞም ፊሸር ለሁለተኛው ጨዋታ ሳይቀርብ ቀርቶ ሁለት ለባዶ ከተመራ በኋላ ውድድሩን በጠቅላላው 12½ ለ8½ አሸነፈ። አንድ የጥያቄ ምልክት የአንድን ሰው ዕድል አይወስንም።

4ኛ. ማሽኑ ያላየው

አራተኛው ምሳሌ በ1998 በስፔን አገር በሊናሬስ የተደረገ ነው። ነጭ ያው ቶፓሎቭ ነው፤ ጥቁር አሌክሲ ሺሮቭ ነው። ቦርድ ያላችሁ እስቲ ደርድሩት። ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ጳጳስ ሲ3፣ ወታደሮች ጂ2 እና ኤች4። ጥቁር፦ ንጉሥ ኢ6፣ ጳጳስ ኤፍ5፣ ወታደሮች ኤ4፣ ዲ5፣ ኤፍ6 እና ጂ6። ተራው የጥቁር ነው።

ጥቁር በሁለት ወታደር ይበልጣል። ነገር ግን የአንዱ ጳጳስ በጥቁር ቤቶች፣ የሌላው በነጭ ቤቶች ላይ ብቻ ስለሚሄድ፣ እንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ እኩል ያልቃል። የጥቁር ተስፋ ንጉሡን ቶሎ ኢ4 ማድረስ ነው። መንገዱ በኤፍ5 በኩል ነው፤ ኤፍ5 ላይ ደግሞ የገዛ ጳጳሱ ቆሟል። ነጭ ንጉሥ በበኩሉ በሁለት እርምጃ ኢ3 ደርሶ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ጳጳሱ ከመንገድ መነሣት አለበት፤ ሲነሣም ነጭን አንድ ተራ ማስጠፋት አለበት።

ሺሮቭ ጳጳሱን ኤች3 ላይ አስቀመጠው። በዚያ ቤት ላይ የጂ2 ወታደር በነጻ ይበላዋል! ቶፓሎቭም በላው። ነገር ግን በዚያች አንዲት ተራ ምክንያት የጥቁር ንጉሥ ቀድሞ ኢ4 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነጭ የኤፍ6ን ወታደር ቢበላም የኤ እና የዲ ወታደሮች በንጉሣቸው እየታገዙ ወደ ፊት ገሠገሡ፤ አንድ ጳጳስ ብቻውን ሁለቱንም ሊያቆም አልቻለም። በ53ኛው እርምጃ ጨዋታው አበቃ።

የዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች ይህን እርምጃ አያገኙትም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጳጳስ ሲጠፋ ወዲያው በቁጥር ይታያል፤ ጥቅሙ ግን የሚታየው ከብዙ ተራ በኋላ ነው፤ የእነርሱ ጥልቀት ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሺሮቭ ቅርንጫፉን ሁሉ አልቆጠረም። «ንጉሤ የት መድረስ አለበት? ማን ይከለክለዋል?» ብሎ ከግቡ ተነሣ። የዛሬ ጠንካራ ፕሮግራም ጊዜ ከተሰጠው እርምጃውን ያገኘዋል፤ ሰው ግን ከማሽኑ ቀድሞ ነበር።

ሐ. ከአራቱ ምን እንረዳለን?

ማሽኑ አንዱን አጸደቀ፣ አንዱን ጠየቀ፣ አንዱን አቀለለ፣ አንዱን ሳያይ ቀረ። ስለዚህ «ማሽኑ ሁልጊዜ ልክ ነው» ማለትም፣ «ማሽን የሰውን ጥበብ አያውቅም» ብሎ መናቅም ሁለቱም ስንፍና ነው።

የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች ማቴይ ጉይድና ኢቫን ብራትኮ በ2006 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዓለም ሻምፒዮኖችን ጨዋታ ክራፍቲ በተባለ ፕሮግራም እየመረመሩ፣ የእያንዳንዱ ሻምፒዮን እርምጃ ማሽኑ ከመረጠው በአማካይ በምን ያህል እንደሚያንስ ለኩ። ትንሹ ልዩነት የኩባው የካፓብላንካ ሆነ። ጥናቱ ክርክር አስነሣ። ክራፍቲ ወደፊት እንዲያይ የተፈቀደለት 12 ተራ ብቻ ነበርና፣ «ተማሪው መምህሩን ሊያርም ይችላል ወይ?» ተባለ። ደግሞም ቀለል ያለ ጨዋታ የሚመርጥ ሰው ስሕተቱ ያንሳል፤ አደገኛ ጨዋታ የሚወድ ሰው ስሕተቱ ይበዛል። አጥኚዎቹም ይህን ተገንዝበው የየጨዋታውን ውስብስብነት ለመለካት ሞክረዋል። ትምህርቱ ምንድን ነው? ቁጥር ሲሰጠን ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ምን ያህል ጊዜ ወስዶ ለካው ብለን እንጠይቅ።

መ. የአመራመር ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ባየነው መሠረት አንድን የታወቀ እርምጃ ስንመረምር የሚከተለውን ሥርዓት ብንይዝ ይጠቅማል እንላለን።

1. ማሽኑን ሳንከፍት ሁኔታውን በቦርድ ላይ እንደርድር። ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ እናስብ። እኛ የምንመርጠውን እርምጃና ምክንያቱን በደብተር እንጻፍ። ያልተጻፈ ሐሳብ መልሱ ከታወቀ በኋላ ይለወጣል፤ «እኔም አስቤው ነበር» ማለት ይመጣል።

2. ቀጥሎ ማሽኑን እንክፈት፤ ግን ቶሎ አንዝጋው። ጥልቀቱ ሲጨምር ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ እንከታተል። በመጀመሪያ 0 ብሎ ቆይቶ -2 ካለ፣ ከፊት የተደበቀ ነገር እንዳለ ያመለክታል።

3. ፕሮግራሙ አንድ ሳይሆን ሦስት ምርጥ እርምጃዎችን እንዲያሳይ እናድርግ። አንደኛው +4፣ ሁለተኛው 0 ከሆነ እርምጃው እውነትም ብቸኛ መፍትሔ ነው። አንደኛው +4፣ ሁለተኛው +3.8፣ ሦስተኛው +3.5 ከሆነ ግን በማንኛውም መንገድ ያሸነፍ ነበር፤ ቃለ አጋኖው ጌጥ ነው።

4. ከማሽኑ ጋር እንከራከር። «ለምን ይህን አላደረገም?» የምንለውን እርምጃ በቦርዱ ላይ አድርገን መልሱን እንይ። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ጥያቄው የእኛ ነውና።

5. በመጨረሻ የእርምጃውን ምክንያት ያለ ምንም ቁጥር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። ለምሳሌ ለሺሮቭ፦ «ጳጳሱን የሰጠው ለንጉሡ መንገድ ከፍቶ አንድ ተራ ለመግዛት ነው።» ይህን መጻፍ ካልቻልን እርምጃውን ገና አልተረዳነውም።

6. የተጫዋቾቹን ስም፣ ዓመቱን፣ የፕሮግራሙን ስምና የፈጀውን ጊዜ እንመዝግብ። ሌላ ሰው ደግሞ በሌላ ፕሮግራም ይሞክረው።

ሠ. ይህ ለመምህር ምን ይፈይዳል?

አንዳንድ አንባቢ «እኛ የምንሠለጥነው ለማስተማር ነው፤ የቼዝ ነገር ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን በቀጥታ ይመለከተናል።

በቼዝ ክበብ ውስጥ ስንጫወት በአንድ እርምጃ ላይ ለግማሽ ሰዓት ክርክር የሚነሣበት ጊዜ አለ። አንዱ ይህን ይላል፣ ሌላው ያን ይላል፣ ወታደሮቹ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ጊዜ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ማሽኑ 2.3 ብሏል» ካለ በቃ፣ ክርክሩ አለቀ። ማን አሸነፈ? ማንም። 2.3 የሆነው ለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው በዙሪያው የለም። መልሱ መጣ፣ ትምህርቱ ሄደ።

ነገ በክፍል ውስጥ የሚገጥመን ይኸው ነው። ተማሪዎቻችን የሒሳቡን መልስ፣ የድርሰቱን መግቢያ፣ የጥያቄውን ፍቺ ከኪሳቸው ማውጣት ይችላሉ። መልስ ነጋሪ መምህር ከሆንን ከማሽኑ ጋር ልንወዳደር ነው፤ በዚያ ውድድር ደግሞ ካስፓሮቭም አልቻለ። ነገር ግን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ፣ የተማሪውን ምክንያት አዳምጦ የተሳሳተበትን ቦታ የሚያገኝ፣ ልክ ያልሆነ መልስ ውስጥ ያለውን ጥሩ ሐሳብ የሚለይ መምህር ያስፈልጋል። ቶፓሎቭ ግንቡን የወሰደው ደካማ ስለ ነበረ አይደለም፤ በ2005 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ጥያቄው ከባድ ስለ ነበረ ነው። ተማሪ ሲሳሳትም «ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት ጥያቄው ለእርሱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ እናስብ።

እንግዲህ ማሽኑን አንጥላው፤ አናምልከውም። ቦርዱን ደርድረን፣ አስበን፣ ጽፈን ከጨረስን በኋላ የምንጠይቀው አራሚ እናድርገው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሺሮቭ ጨዋታ ላይ ጳጳሱ ኤች3 ከተቀመጠ በኋላ ነጭ ባይበላውና ንጉሡን ወደ ኤፍ2 ቢያንቀሳቅስ ጥቁር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ያለ ማሽን ፈልጉ፤ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. በየተራው 30 ምርጫ ቢኖር፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ሦስት ሦስት ጊዜ ሲጫወቱ ስንት መንገድ ይኖራል? በሴኮንድ 200 ሚሊዮን የሚያይ ማሽን ምንም ሳይተው ቢቆጥር ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል?

3. አንድ ተማሪ የመጨረሻውን መልስ በትክክል ጽፎ አሠራሩን አላሳየም። ሌላው አሠራሩ ጥሩ ሆኖ በመጨረሻው መደመር ላይ ተሳሳተ። ከ10 ስንት ስንት ትሰጧቸዋላችሁ? ለምን?

የአንደኛውና የሁለተኛው መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ለሦስተኛው ግን መልሱን የምንጠብቀው ከእናንተ ነው፤ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ፣ እዚሁ ግድግዳ ላይ እንከራከርበታለን።